ከመገነዙ በፊት የሚሰማ ምስክር



በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አገሬው ሜዳ ላይ ይወጣ ነበር። በአንዳንዱ ቦታ አፈርሳታ፣ በሌላው አውጫጭኝ ይባላል። ነዋሪው ይሰበሰባል፤ ይምላል፤ ያየውን የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። አዝመራው ሳይታጨድ፣ ላሟ ሳትታለብ ቀን ይመሻል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህን ሥርዓት አላቃልለውም። ፖሊስም መደበኛ ፍርድ ቤትም በሌለበት አገር እውነትን በኅብረት መፈለጊያ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከተጠሩት ሁሉ አንድ ምስክር ይጎድላል፤ ተገዳዩ። እሱ ያን ጊዜ ተገንዞ፣ ተለቅሶለት፣ አፈር ለብሷል። በምን እንደተመታ፣ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ቆሞ ይሁን ተኝቶ የሚያውቀው ገላው ነበር፤ ገላውን ግን የጠየቀው የለም።

ሌባ ሻይም ነበር። ዕፅ የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚያ ልጅ እግር መሰናከል ንብረቱን አጥቶ ይሆን?

ከእነዚህ አጠገብ አንድ የቻይና ታሪክ ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1247 ሶንግ ጺ የተባለ ዳኛ ስለ አስከሬን ምርመራ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «የግፍ ማጠቢያ» ቢባል ያስኬዳል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ የሚል ጉዳይ አለ። አንድ ሰው በማጭድ ተጨፍጭፎ ሞቶ ተገኘ። መርማሪው የአካባቢው ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ እንዲመጣ አዘዘ፤ ማጭዶቹ መሬት ላይ ተደረደሩ። ወቅቱ ሙቀት ነበር። ዝንቦች መጡና ከሁሉ መርጠው አንዱ ማጭድ ላይ ሰፈሩ። ሰው ያላየውን የደም ርዝራዥ ዝንቡ አገኘው። የማጭዱ ባለቤትም አመነ። እዚህም መንደሩ ተሰብስቧል፤ እዚህም ሜዳ አለ። የተጠየቀው ግን ማጭዱ ነው።

ፎረንሲክ ሕክምና የምንለው ሙያ ይህ ነው፤ የሕክምና ዕውቀትን ሕግ ለሚጠይቀው ጥያቄ ማዋል። የሰው ቃል በፍርሃት ይጣመማል፣ በዝምድና ይለዝባል፣ በድብደባም ተገድዶ ይወጣል። ገላ አይፈራም፣ ዘመድም የለውም። የገላን ቃል የሚያነበው ሐኪም ግን ሰው ነውና ይሳሳታል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሙያው ጉልበት የምናገረውን ያህል ስለ ድካሙም እናገራለሁ፤ አንዱን ብቻ ሰምታችሁ ብትሄዱ አሳስቻችኋለሁ።

ብዙ ሰው ፎረንሲክ ሲባል የሚታየው የሬሳ ክፍል ነው። እውነቱ ግን ይህን ሙያ ከሚፈልጉት ሰዎች እጅግ የሚበዙት በሕይወት ያሉ ናቸው። የተደበደበች ሚስት፣ የተደፈረ ሕፃን፣ በመኪና ተገጭቶ ካሳ የሚጠይቅ ሠራተኛ፣ ዕድሜው ያከራከረ ታዳጊ፣ በእስር ቤት ተገርፌአለሁ የሚል ተከሳሽ። የሞተው ሰው የመጨረሻው እንግዳችን ነው። ያም ሆኖ ከእሱ ልጀምር፤ ዛሬ እዚህ ብዙ የዕድር ዳኞች አሉና።

ሬሳ ፊት የቆመ ሐኪም ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማሰብ አለበት፤ የሞቱን ምክንያትና የሞቱን አኳኋን። ምክንያቱ ገላው ውስጥ ይገኛል፤ ለምሳሌ ጥይት ልብን በስቶ ደም ፈስሷል። አኳኋኑ ሌላ ነው። ያው ጥይት በጠላት እጅ፣ በራስ እጅ፣ ወይም መሣሪያ ሲጸዳ ባርቆ ሊመጣ ይችላል። ጥይቱ ከቅርብ ከተተኮሰ በመግቢያው ዙሪያ ጥቀርሻና የባሩድ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ርቀቱ ሲጨምር መጀመሪያ ጥቀርሻው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ነጠብጣቡ። ከዚህ ተነሥቶ ሐኪሙ ስለ ርቀቱ መናገር ይችላል። ተኳሹ በልቡ ምን አስቦ እንደነበር ግን አይናገርም። ያ የፍርድ ቤቱ ሥራ ነው። ሐኪም ከዚህ አጥር ሲያልፍ የዳኛውን ወንበር ተቀምጦበታል።

መቼ ሞተ? ይህን ጥያቄ መርማሪ ፖሊሶች ሁልጊዜ ትጠይቁናላችሁ፤ ሰዓቱን ብንነግራችሁ ደስ ባለን። ልብ ሲቆም ደም በስበት ወደ ታች ይዘቅጣል፤ በጀርባው የተኛ ሬሳ ጀርባው ላይ፣ የተሰቀለ ሬሳ እግሩና እጁ ላይ ወይን ጠጅ መሰል ቀለም ይይዛል። ቀለሙ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሬሳው ቢገለበጥም አብሮ አይዞርም። ስለዚህ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘ ሰው ቀለሙ ጀርባው ላይ ከሆነ፣ ከሞተ በኋላ ያገላበጠው ሰው አለ ማለት ነው። ይህን ያህል ቀላል ምልክት ስንት የተቀነባበረ ወሬ አፍርሷል። ሰውነት መድረቅ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከመንጋጋ ይጀምራል፣ በ12 ሰዓት ገደማ መላውን አካል ይይዛል፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይለቃል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ከመጻሕፍት የመጡ ናቸው፤ መጻሕፍቱ የተጻፉበት አገር አየር ደግሞ የእኛ አይደለም። እኛ ዘንድ ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሰመራ ሐሩር ድረስ ያለው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነው። በደብረ ብርሃን ሌሊት ሬሳ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፣ መድረቁ ይዘገያል። በሰመራ በሐሩር ቀን አየሩ ከሰው ገላ ይሞቃልና ሬሳው ጨርሶ ላይቀዘቅዝ ይችላል፤ መበስበሱም በሰዓታት ይጀምራል። «በሰዓት አንድ ዲግሪ ይወርዳል» የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት ይዞ ሰመራ የሚሄድ ሐኪም ንጹሕ ሰው ሊያሳስር ይችላል። የሚጠቅመን መርማሪው በቦታው የመዘገበው ነው፤ የክፍሉ ሙቀት፣ ሬሳው ለብሶ ይሁን ተራቁቶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን መደብ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ። ሬሳው አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ጋቢ ከለበሰ በኋላ ለእኛ የሚቀረው ግምት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁስል ልለፍ፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እነግራችኋለሁ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ በአንድ የገጠር ሆስፒታል፣ ራሱ የተተረተረ ሰው ከፖሊስ ወረቀት ጋር መጣልኝ። ቁስሉ ረዥም ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። አጥቤ ሰፋሁና በወረቀቱ ላይ «በስለት የተቆረጠ» ብዬ ጻፍኩ። ወራት አልፈው ፍርድ ቤት ተጠራሁ። ምስክሮቹ ሁሉ ተከሳሹ የያዘው ዱላ ነበር ይላሉ፤ የእኔ ወረቀት ስለት ይላል። ተከላካዩ ተነሣና «ወይ ምስክሮቹ ዋሽተዋል፣ ወይ ሐኪሙ ተሳስቷል» አለ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። የራስ ቆዳ ከሥሩ አጥንት ስላለ በዱላ ሲመታ እንደ ስለት ቁስል ይሰነጠቃል። ልዩነቱን ለማየት የቁስሉን ከንፈሮች ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ መመልከት ይበቃ ነበር። ስለት ሁሉንም ነገር በጥሶ ያልፋል፤ ዱላ ግን ቆዳውን ሲያፈነዳው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጉ ቀጫጭን የሥጋ ክሮችን ይተዋል፣ ጠርዙም ላይ የመላጥና የመብለዝ ምልክት ይኖራል። እኔ ያን ቀን አላየሁም። አጥቤ፣ ሰፍቼ፣ ማስረጃውን በገዛ መርፌዬ ዘግቼዋለሁ። እውነት ተናግረው በእኔ ወረቀት ምክንያት ውሸታም የተባሉት ምስክሮች ፊት ዛሬም ይታየኛል።

ይህ ጥቃቅን ጉዳይ የሚመስለው ካለ ሕጉን ይመልከት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳትን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 556 ደግሞ ቀላሉን ጉዳት በጣም ባነሰ ቅጣት ያያል። ጉዳቱ ሕይወትን የሚያሰጋ ነበር ወይ? ቋሚ ጉድለት ትቷል ወይ? በምን መሣሪያ ደረሰ? ዳኛው ለእነዚህ መልስ የሚያገኘው ከአንድ ሐኪም ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ በማይነበብ እጅ፣ ሦስት መስመር ሆኖ ይጻፋል። ተከሳሹ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራል፣ ችሎቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስችላል፣ የሰውየውን ዓመታት የሚቆርጠው ቃል ግን በሦስተኛ ቋንቋ ተጽፎ ይመጣል። የሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት ቋንቋ ጻፉ። የቁስሉን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ ቦታውን ከታወቀ የአካል ክፍል ለክታችሁ፣ ጠርዙንና ውስጡን አይታችሁ ጻፉ። ያላያችሁትን አትጻፉ።

የእጅ መዳፍና የክንድ ቁስልን በተለይ ተመልከቱ። ጩቤ የመጣበት ሰው ስለቱን በመዳፉ ይይዛል፣ ዱላ የመጣበት ክንዱን ያነሣል። የክንድ ስብራት ሲናገር «ይህ ሰው ነቅቶ ነበር፣ ራሱን ሊያድን ሞክሯል» ይላል። በጭቅጭቅ መሃል ተደባደቡ በሚባልበት ጉዳይ የአንዱ ገላ መከላከልን ብቻ፣ የሌላው ገላ ማጥቃትን ብቻ ካሳየ፣ ያ ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

በገመድ ስለሞተ ሰው አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተሰቀለ ሰው አንገት ላይ የገመዱ ፈለግ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ ቋጠሮው ያለበት ላይ ይቋረጣል። ታንቆ የተገደለ ሰው አንገት ላይ ፈለጉ ብዙውን ጊዜ አግድም ሆኖ አንገቱን ይዞራል። ሴት ልጃችሁ «ራሷን ሰቀለች» ተብሎ ሲነገራችሁ ገመዱን ከቋጠሮው ላይ አትፍቱት፤ ከቋጠሮው ርቃችሁ ቁረጡት። ቋጠሮው ራሱ ማስረጃ ነው።

ከሰልን አልረሳም። በክረምት ብርድ፣ በር ተዘግቶ፣ ከሰል እየነደደ የተኙ ቤተሰቦች ጠዋት ሞተው ይገኛሉ፤ ጎረቤት ተመርዘው ነው ወይም መጥፎ መንፈስ ነው ይላል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ነው፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ደሙ ደማቅ ቀይ ይሆናል። የአውሮፓ መጻሕፍት «የሬሳው ቆዳ ይቀላል» ይላሉ፤ በእኛ መልክ ላይ ይህ በቀላሉ አይታይምና ከንፈርን፣ የጥፍርን ሥርና የውስጥ አካላትን ማየት ያስፈልጋል። ይኸው ዕውቀት ቤት በተቃጠለ ጊዜም ይሠራል። በአየር ቧንቧው ውስጥ ጥቀርሻ ያለበት ሰው እሳቱ ሲነሣ ይተነፍስ ነበር። ቧንቧው ንጹሕ፣ ደሙም ከዚህ ጋዝ የጸዳ ከሆነ እሳቱ የመጣው ሞት ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መርማሪው ቃጠሎው ምን ለመሸፈን እንደተለኮሰ ይጠይቅ።

ስለ ቃልና ስለ ገላ የጀመርኩትን ላጠንክር። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር አውራጃ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1986 ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። የ17 ዓመት ወጣት ተያዘና ሁለተኛዋን ገድያለሁ ብሎ አመነ። በቀደመው ዘመን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ አሌክ ጄፍሪስ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1984 ሰውን በዲኤንኤው መለየት የሚያስችል ዘዴ አግኝቶ ነበርና ፖሊስ የመጀመሪያውንም ወንጀል ይህ ልጅ መሥራቱን እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። መልሱ ሁሉንም አስደነገጠ፤ ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ግን ያመነው ልጅ አይደለም። በዲኤንኤ ምርመራ መጀመሪያ የዳነው ንጹሕ ሰው የገዛ ቃሉ የወነጀለው ልጅ ነበር። ይህን ታሪክ ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው። የእምነት ቃል ተገኘ ብሎ ምርመራውን የሚያቆም ፖሊስ አሁንም አውጫጭኝ ሜዳ ላይ ነው ያለው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍልም ትምህርት አለው። ፖሊስ ከአካባቢው በሺህ ከሚቆጠሩ ወንዶች ደም ሰበሰበ፤ ገዳዩ አልተገኘም። በኋላ እንደታወቀው ገዳዩ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በእሱ ስም ደም አሰጥቶ ነበር። መሣሪያው ፍጹም ቢሆንም፣ የተቀዳው ደም የማን እንደሆነ ካልተረጋገጠ ውጤቱ ከንቱ ነው። ናሙና ማን ቀዳው፣ ማን አሸገው፣ ማን ተረከበው፣ የት አደረ፤ ይህ ቅብብሎሽ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ተከላካይ ጠበቃው በዚያች ቀዳዳ ይገባል፤ መግባቱም ተገቢ ነው። ሰውየው በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈረደበት፤ ያጋለጠው ያ ባልደረባ በመጠጥ ቤት የተናገረው ወሬ ነበር።

ስለ ተደፈሩ ሰዎች ስናገር እናቶች እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ልጅ ተደፍራ ቤት ስትገባ የመጀመሪያው የፍቅር ሥራ ማጠብ ነው። ይህን የምታደርግ እናት ምንም አላጠፋችም፤ ውኃው ግን የደፋሪውን ስም ይዞት ይሄዳል። ሳትታጠብ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ልብሷን አትጠቡ፤ ፌስታል ውስጥም አትክተቱ፤ እርጥበት ታፍኖ ማስረጃውን ያበሰብሰዋልና በወረቀት ጠቅልሉት። በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ለኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ይቻላል፤ እርግዝና መከላከያውም ቢዘገይ እስከ 5 ቀን ይሰጣል። ዘግይታችሁም ቢሆን ኑ፤ ዘገየን ብሎ መቅረት ከመዘግየት ይከፋል። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ፤ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትናገር የታሰበ ነው።

መርማሪዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ እንድትተዉ እለምናለሁ። «ክብረ ንጽሕናዋ ተገሷል ወይ?» የሚለውን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው እንዲቀር ጠይቋል። ሴት ግንኙነት መፈጸሟንም ሆነ አለመፈጸሟን ከዚያ ላይ ማንበብ አይቻልም። ከተደፈሩት ብዙዎቹ ምንም ቁስል አይታይባቸውም፤ ፍርሃት ሰውነትን ያደርቃል፣ ያ አካባቢም ቶሎ ይድናል። «ጉዳት አልተገኘም» የሚለው የሐኪም ቃል «አልተደፈረችም» ተብሎ ሲነበብ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ፖሊስ ተጎጂን በሐኪም እንዲያስመረምር ይፈቅድለታል፤ ይኸው አንቀጽ ተጎጂዋ ካልፈቀደች፣ ሕፃን ከሆነችም ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልፈቀደ ሐኪሙ እንዳይነካት ይከለክላል። ይህ ፈቃድ የወረቀት ወግ ሆኖ እንዳይቀር። አንድ ጊዜ ተገድዳ የተነካችን ልጅ ደግሞ አስገድደን አንንካት።

የዕድሜ ነገር አለ። በሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከሰስም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ልዩ ሥርዓት አለው፤ 18 ያልሞላው በሞት አይቀጣም። በሕፃናት ላይ በሚፈጸም የወሲብ ጥቃትም 13 እና 18 ዓመት ቅጣቱን የሚለያዩ ድንበሮች ናቸው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ዳኛው «ዕድሜው ስንት ነው?» ብሎ ወደ እኛ ይልካል፤ እኛም የእጁን አንጓ ራጅ አንሥተን ከአንድ መጽሐፍ ሥዕሎች ጋር እናስተያያለን። በዓለም ላይ ብዙ የሚሠራበት የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1942 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ከደኅና ኑሮ ቤተሰብ ከተወለዱ ነጭ ልጆች ነው። በእረኝነት ያደገ፣ ድርቅ ያየ፣ በልጅነቱ ደጋግሞ የታመመ ልጅ አጥንት ከእነዚያ ልጆች ጋር እኩል አያድግም፤ ይዘገያል። በደኅና ልጆች መካከል እንኳ የሁለት ዓመት ልዩነት የተለመደ ነው። ይኸው ራጅ በአውሮፓ ጥገኝነት በሚጠይቁ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ታዳጊዎች ላይም ይነሣል፤ በልጅ ማሳደጊያና በአዋቂ እስር ቤት መካከል ያለውን መንገድ ይወስናል። «17 ዓመት ከ6 ወር» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የማያውቀውን ጽፏል። ትክክለኛው መልስ «ከ16 እስከ 19 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን።

እርግጠኝነት ያለ ቦታው ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድለሻል ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ሁለቱም በተለያየ ጊዜ በድንገት ነበር የሞቱት። ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ችሎት ቀርቦ በእንደዚያ ዓይነት ቤት ሁለት ሕፃናት በተፈጥሮ በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አለ። ቁጥሩን ያገኘው የአንዱን ሞት ዕድል በራሱ አባዝቶ ነው። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ሞቶች አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ካልተገናኙ ብቻ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ገንቦ ቢረጥብ፣ ሁለት ተአምር ሆነ አንልም፤ ጣሪያው ያፈሳል እንላለን። አንድ እናትና አባት የወለዷቸው ልጆች አንድ ደም፣ አንድ ቤት፣ አንድ አየር አላቸው። ይህም አልበቃ፤ የሁለተኛው ሕፃን አስከሬን ምርመራ ላይ የተገኘ የባክቴሪያ ውጤት ለተከላካዮቿ ሳይሰጥ ቀርቶ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ችሎት እ.ኤ.አ. በ2003 ነፃ አወጣት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች። ስለ ሙያችን ጉልበት ሲነገር ይህች እናት አጠገባችን ትቀመጥ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰን ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ንጹሕ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሐኪሙም ወደ ሬሳ ክፍል ሲገባ ይህን ይዞ ይግባ።

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ ይህን አስቡ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ሞቱ ተብሎ ተነገረ። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመንግሥትን መግለጫ አልተቀበሉም። ነፃ ሐኪም ገላቸውን አላየም፤ የት እንደተቀበሩም አልተነገረም። አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በሥላሴ ካቴድራል ያረፉት በጥቅምት 1993 ዓ.ም.። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ንጉሠ ነገሥቱን አፍኖ መግደል ነበር። አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። በትራስ የታፈነ ሰው በዕለቱ ቢመረመር እንኳ ምልክቱ ጥቂት ነው። ከ17 ዓመት በኋላ የሚወጣ አጥንት ስለ ትራስ ምንም አይናገርም። ሥጋ የያዘው ቃል ከሥጋው ጋር ጠፍቷል።

አጥንት የሚናገርበት ጊዜም አለ። የደርግ ባለሥልጣናትን ለመክሰስ በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ጋበዘ። እነዚህ ባለሙያዎች በአገራቸው ወታደራዊ መንግሥት የተሰወሩ ሰዎችን አጽም በመፈለግ ሙያውን የተማሩ ናቸው። እኛም አገር መጥተው የጅምላ መቃብሮችን በጥንቃቄ ቆፈሩ፤ አንገታቸው ላይ የታነቁበት ገመድ እንዳለ የተቀበሩ ሰዎችን አወጡ። ያ ገመድ ችሎት ፊት የቀረበ ቃል ነው። ለቤተሰቦቻቸው ደግሞ ከዚያም በላይ ነበር፤ መቀመጫ ያጣ ለቅሶ ቦታ አገኘ።

የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። ሰው ሲሞት ከሐኪምም ከፖሊስም በፊት የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ቀባሪ ይላካል። ሙስሊሙ ጀናዛውን ሳያሳድር ሊቀብር፣ ክርስቲያኑ በዕለቱ ፍትሐት ሊያስፈታ ይቸኩላል፤ ችኮላው ለሟች ክብር ነውና አከብረዋለሁ። የአስከሬን ምርመራ ሬሳ ማዋረድ የሚመስላቸው ቤተሰቦች ምን ያህል እንደሚያዝኑም አውቃለሁ፤ ፊታቸው ቆሜ ብዙ ጊዜ ተሰድቤአለሁ፣ ልክ ናቸውም ብያለሁ፤ ሐዘን ነው። ገላው ተሰፍቶ፣ ታጥቦ፣ ለግንዘትና ለከፈን በክብር እንደሚመለስ ግን ንገሯቸው፤ ከእኔ ይልቅ እናንተን ያምናሉ። ከተቀበረ በኋላ ጥርጣሬ ተነሥቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቃብር ሲከፈት ያየ ሰው የትኛው ማዋረድ እንደሆነ ያውቃል።

ሕመም ሳይኖርበት በድንገት የሞተ ወጣት፣ ወድቃ ሞተች የተባለች ሚስት፣ ከጉድጓድ የወጣ ሕፃን፣ ከአረብ አገር በሳጥን የመጣች ልጅ፤ እነዚህ ቤቶች ስትደርሱ እጃችሁን ሰብስቡ። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ስለ መዋጮ፣ ስለ ቀሪ መቅጫ፣ ስለ ድንኳን ኪራይ የተጻፉ አንቀጾች አሉ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አንድ እንድትጨምሩበት እለምናችኋለሁ፤ እንዲህ የሚል፦ «ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ምክንያቱ ካልታወቀ ወይም በገላው ላይ ጉዳት ከታየ፣ ሬሳው ከመታጠቡና ከመገነዙ በፊት ዕድሩ ለፖሊስ ያስታውቃል።»